አንገተ ረጅሙ ብስክሌት

እኔ ብስክሌት ነጋዴ ነኝ። ነጋዴ ስላችሁ መስታወትና መብራት ያለው ሱቅ እንዳይታያችሁ። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ያለች አንድ ክፍል ናት። ያገለገለ ብስክሌት እገዛለሁ፣ እፈታለሁ፣ ከሁለት አሮጌ አንድ የሚሄድ አወጣለሁ፣ እሸጣለሁ። ትምህርቴን የጨረስኩት እዚያው ገበያ ውስጥ ነው፤ የጀመርኩትም እዚያው ነው። በሰባት ዓመቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኜ ስለመጣሁ ዕብራይስጤ እንደ አገሬው ሰው ነው። አማርኛዬን ደግሞ እናቴ አላስጥል ብላኝ ይዤዋለሁ። ሁለቱንም በአብዛኛው ለጭቅጭቅ እጠቀምባቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ለራሴ የነበረኝ ግምት ትልቅ ነበር። «ደንበኛ አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን አውቃለሁ» እያልኩ እፎክር ነበር። ያ ግምት በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንደተነፈሰ ልንገራችሁ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። በማን ላይ መፍላት እንደነበረበት ስትጨርሱ እናንተው ፍረዱ።

ሐሙስ ዕለት አያ ኖህ መጡ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ጎንደር ከተማ ተቀምጠው ወደ እስራኤል ለመግባት ሃያ ዓመት ተራ ጠብቀው፣ እዚህ ከገቡ ገና አራተኛ ዓመታቸው ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ብሎኖችን በጣታቸው እያነሱ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገጥማሉ። በብስክሌት ሄደው በብስክሌት ይመለሳሉ። ከሁለት ወር በፊት «እጄን ይደነዝዘኛል» ብለው መጥተው ስፖንጅ ያለው ጓንት ሸጬላቸዋለሁ። ከወር በፊት ደግሞ ወፍራም የእጀታ ላስቲክ። ሁለቱንም ጊዜ መርቀውኝ ነው የሄዱት።

«አስረስ ልጄ፣ ከዚያ ጓንት የበለጠ ወፍራም አለህ?» አሉኝ።

«ከዚያ ከወፈረማ የቦክስ ጓንት ነው የሚሆነው፣ አያ ኖህ።»

ሳቁ። እየሳቁ ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የጎማ መንፊያ ክዳን፣ ያችን ትንሿን፣ እንደ ዋዛ ሊያነሷት ሞከሩ። ጣቶቻቸው ሄደው ነኳት፤ አልተነሳችም። እንደገና ሞከሩ። ተንከባላ ወደቀች። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከሩም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ናቸው የሚያስቸግሩኝ። ደግሞ ለእሑድ ፋብሪካው ሐኪም ጋ ጠርቶኛል፤ መድኃኒት ይሰጡኛል።» ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ።

አነበብኩት። መድኃኒት የሚል ቃል የለበትም። ሠራተኛው ብሎን ደጋግሞ ስለሚጥል፣ በሥራው ለመቀጠል ብቁ መሆን አለመሆኑ እሑድ በሐኪም ታይቶ ይወሰናል ነው የሚለው። እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው።

«ምን ይላል?»

ማለስለስ አልችልበትም። «ሊያክሙዎት አይደለም የጠሩዎት። ካልቻሉ ሊያሰናብቱዎት ነው።»

ወንበር ሳብኩላቸውና ተቀመጡ። «ሃያ ዓመት ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት፣ እዚህ መጥቼ ቁጭ ለማለት አይደለም» አሉ።

እኔ ወጥቼ ብስክሌታቸውን አየሁት። ልብ በሉ፤ ሁለት ወር ሙሉ በደጄ ሲቆም አይቼው አላውቅም። አይ፣ አይቼዋለሁ፤ አዲስ ስለነበር የሚሸጥ ነገር የለውም ብዬ አልፌዋለሁ። «እስቲ ይውጡበት» አልኳቸውና የፊት ጎማውን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ ቆምኩ። ወጡበት። ያየሁት ብስክሌተኛ ሳይሆን የወደቀ ነገር የሚፈልግ ሰው ነው። ወገባቸው ተዘርግቷል፣ ክንዳቸው ተወጥሯል፣ አንገታቸው ከኋላ ተሰብሮ ቀና ብሏል። የላይኛው አካላቸው ክብደት በሙሉ ያረፈው በመዳፋቸው ጠርዝ ላይ ነው፤ በትንሿ ጣት በኩል።

መሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያገናኝ አጭር ብረት አለ። እኔ አንገት እለዋለሁ። ይህ አንገት ሲረዝም መሪው ይርቃል፤ ዝቅ ሲል ሰውዬው ይደፋል። የእሳቸው ብስክሌት አንገት አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወደ ታችም ያዘነበለ። መሪው ቀጥ ያለ በትር፣ ደግሞም ጠባብ። ይህ ለሃያ ዓመት ወጣት፣ ለተሽቀዳዳሚ የተሠራ ነው። በእሳቸው እጅ ላይ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ነርቭ መፍጨት ነው ሥራው።

«ማነው ይህን የገጠመልዎት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ፎቅ ላይ ያለች ሴትዮ በመስኮት ብቅ አለች።

«ብስክሌቱን የሰጠን የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ ለአዲስ ሠራተኞች። የለኩኝ ግን እዚያ አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት፣ ትልቁ ሱቅ ናቸው። አቤት አለካክ! ክንዴን ለካ፣ እግሬን ለካ፤ ሙሉ ልብስ የሚሰፋልኝ ነው የመሰለኝ። የተከበረ ልጅ ነው።»

አንገቱን እዚያው ልቀይረው እችል ነበር። ግን ለእሑድ የሚያስፈልጋቸው ብረት ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ነው። «እጁ የደነዘዘው በእርጅና ሳይሆን በብስክሌቱ ነው» የሚል ወረቀት። እኔ ብጽፈው ማን ያነብልኛል? ትልቁ ሱቅ ቢጽፈው ግን ማኅተም አለው። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘጋሁ። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ገበያ በሚደራበት በዓርብ ጠዋት ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ወይ ታሟል ወይ ተናድዷል። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ነዳን። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን አየሁ። አንዱን ከመሪው ያነሱና ያራግፉታል፣ ይመልሱታል፤ ሌላውን ያነሱና ያራግፉታል። ውኃ የነካው እጅ የሚያደርቁ ይመስላሉ። ይህንንም በየቀኑ ነው የሚያደርጉት።

ሱቁ አዲሶቹ ፎቆች ሥር ነው። ሻጩ ኦፌር ይባላል፤ አርባ የደፈነ ሰው፣ የብስክሌተኛ ቁምጣ የለበሰ፣ እግሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ።

አያ ኖህ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ «እግሩን ለምንድን ነው የተላጨው?» አሉኝ።

«ነፋስ እንዳይዘው ነው። ለፍጥነት።»

«እዚህ ሱቅ ውስጥ ምን ነፋስ አለ?»

ሳቄን ዋጥኩና ለኦፌር በዕብራይስጥ ነገሩን አስረዳሁት። እጃቸውን አሳየሁት፣ አንገቱን አሳየሁት፣ የእሑዱን ደብዳቤ አሳየሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ የሱቁን ታብሌት አመጣና አንድ ቅጽ ከፈተልኝ።

«ወዳጄ፣ እኛ ዝም ብለን አንገጥምም። ደንብ አለን። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ እንጠይቀዋለን፣ መሪውን ሲይዝ እንጠይቀዋለን፣ ፔዳል ሲመታ እንጠይቀዋለን። ሦስቱንም ጊዜ ይመቸኛል ብሏል። ይኸው፣ ኬን፣ ኬን፣ ኬን። ይኸው ፊርማው።»

ኬን «አዎ» ማለት ነው። ሦስት አዎ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የአያ ኖህ ፊርማ። ፊቴ ጋለ። እኔ ሱቄን ዘግቼ እከራከራለሁ፣ እሳቸው ለካ ፈርመዋል! ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አያ ኖህ! ይመቸኛል ብለው ፈርመዋል እኮ!»

«እኔ? እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ የለም።»

«ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ ይላል!»

«ሦስት ጊዜ የጠየቀኝማ ስሜን ነው» አሉ፣ እርግጠኛ ሆነው። «ኮርቻው ላይ አወጣኝና ‹ኖኣኽ?› አለኝ። ኬን አልኩት። መሪውን አስያዘኝና ‹ኖኣኽ?› አለኝ። ኬን አልኩት። ሳሽከረክርም እንደዚሁ። እንዲያውም ሲደጋግምብኝ ጊዜ፣ ይህ ልጅ ስሜን እንዳይረሳ እያጠና ነው ብዬ ወደድኩት።»

ታብሌቱን ከኦፌር እጅ ወሰድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖህ የሚለው ስም በዕብራይስጥ ኖኣኽ ይባላል፤ በመታወቂያቸውም የተጻፈው እንደዚያ ነው። «ይመቻል?» የሚለው ጥያቄም በዕብራይስጥ ኖኣኽ ነው። ያው ፊደል፣ ያው ድምፅ። በአማርኛ ሁልጊዜ አያ ኖህ እያልኩ ስለምጠራቸው ለእኔ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሰውዬው ሲንገላታ «ይመችሃል?» ይሉታል፤ እሱ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላቸዋል።

ቅጹን እንደገና አየሁት። ከላይ ስም በሚለው ቦታ፣ ኖኣኽ። ዝቅ ብሎ ምቾት በሚለው ቦታ፣ ኖኣኽ፣ ኬን። አንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል ሁለት ቦታ ተጽፎ፣ የጻፈው ሰው እንኳ አላየውም።

ለኦፌር ተረጎምኩለት። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሳቀ። ሳቀ ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለችውን ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ ነገራት፤ እሷም ሳቀች። አያ ኖህ የሚሳቀው ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረዋቸው ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ሳይ ነው ያበድኩት።

«ሳቁ» አልኳቸው በዕብራይስጥ። «ጥሩ ቀልድ ነው፤ በሰንበት ራት ላይ ታወሩታላችሁ። እሑድ ግን ይህ ሰው ሥራውን የሚያጣው በዚህ ቀልድ ነው። ሜትራችሁ ክንዱን ለካ። ክንዱ አጭር መሆኑን ሜትሩ አልነገራችሁም? ዓይናችሁስ? ተደፍቶ ሲቀመጥ አላያችሁትም? ሰውን ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ ወረቀት ነው የምታዩት?»

ሥራ አስኪያጇ ሳቋን ሰብሰብ አደረገች። «አዝናለሁ። ግን ቅጹ ተፈርሟል። ሌላ አንገት መግዛት ይችላል፤ አዲስ ልኬትም መክፈል ይችላል። ስህተት ሠራን የሚል ወረቀት ግን አልጽፍም።»

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ነጋዴነቴ ደርሶ ዘጋልኝ። ማን ይጻፍልኝ እላለሁ? ራሳቸው ቅጹ ላይ ጽፈውታል እኮ!

«ይሁን» አልኩ በለሰለሰ ድምፅ። «የቅጹን ኮፒ ብቻ ስጭኝ። ሰውዬው ማስታወሻ ይፈልጋል።»

አትማ ሰጠችኝ። እንዲያውም በፕላስቲክ አድርጋ።

ወደ ሱቄ ስንመለስ መንገድ ላይ ለአያ ኖህ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብስክሌታቸውን አቁመው ወረዱ። «የጠየቀኝ ስሜን አልነበረማ» አሉ። ከሥራው ይልቅ ይህ የጎዳቸው መሰለኝ። ቀሪውን መንገድ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ ሰንበት ሳይገባ መጨረስ ነበረብኝ። መሪ ከመምረጤ በፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸውና፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ። በቅሎ ላይ ነዎት። መንገዱ ረጅም ነው፣ የሚያስቸኩል የለም። ልጓሙን ይያዙ» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት በቅሎ?»

«እርስዎ የሚወዷት ዓይነት።»

እጃቸውን አነሱ። እጆቹ የመጡት መሪው ካለበት ከፍ ብለው፣ ወደ ደረታቸው በጣም ቀርበው ነው፤ ክርን ላላ ብሎ፣ መዳፎቹ ትይዩ ሆነው፣ አውራ ጣቶቹ ወደ ላይ። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን እጁ አይዋሽም። የት እንዳሉ በሜትር ለካሁ። ከዕቃዬ መሀል አጭር አንገት አወጣሁ፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ላይ ቀና ያለ። መሪው ደግሞ ከትከሻ ትንሽ ሰፋ ብሎ፣ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ ቆልመም ያለ። የፍሬኑ ገመድ አጠረብኝ፤ እሱንም በረጅም ቀየርኩ። የፍሬን መያዣዎቹን ከክንዳቸው ጋር አንድ መስመር አስያዝኩ።

ወጡበት። ቀጥ አሉ። ሰው መሰሉ። ሕንፃውን አንድ ዙር ዞረው መጡ።

«እንዴት ነው? ተመቸዎት?»

«ይመስገን።»

ቁልፌን ላስቀምጥ እጄን ዘረጋሁ። እዚያው ቀጥ አልኩ። ይህን ቃል ሐሙስም ብለውኛል፤ ጣታቸው ክዳን ማንሳት አቅቶት «ይመስገን» ብለዋል። ጓንት ሲገዙም ብለዋል። እኔም እንደ ኦፌር አዎ ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ያውም ያለ ታብሌት። እሱ ቋንቋቸውን አያውቅም። እኔስ?

«አያ ኖህ፣ እግዚአብሔርን ካመሰገኑ ጥሩ። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ መሪው ነው። የት ነው የሚያምዎት?»

«ኧረ ምንም። ለፍተህ ሠርተህ እንዴት...»

«የት?»

ግራ ቀኝ አዩ። ሰው ይሰማናል ብለው ነው መሰለኝ። «እውነቱን ልንገርህ? እጄን ተወኝ። አሁን መቀመጫዬን ነው። እንደ ካስማ የተከልከኝ ያህል ነው።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መሪውን አብዝቼ ከፍ አድርጌው ክብደቱ በሙሉ ኮርቻው ላይ ወርዷል። ከአንገቱ ሥር ከፍ ያደረጉትን ሁለት ቀለበቶች አወጣሁና ዝቅ አደረግሁት። ዞሩ። «አሁንስ የት ነው?» «የቀኙ ፍሬን ይርቀኛል።» አቀረብኩት። ዞሩ። «አሁንስ?» «ኮርቻው ወደፊት ያንሸራትተኛል።» አፍንጫውን ቀና አደረግሁት። አምስት ጊዜ ዞሩ፤ አምስቴ አጉረመረሙ። በስድስተኛው ምንም ሳይሉኝ መንገዱን ተሻግረው ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ነዱ። ጓንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

እሑድ አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሟ ሰብሰብ ያለች ሴት ናት። ቀና ሳትል ትሪ ላይ ትንንሽ ብሎኖች ዘረገፈችና «ያንሳ» አለች። ሁለት ቀን ነርቭ አያድንም። ካሥሩ አራቱን አነሱ። እሷም መጻፍ ጀመረች።

«ይቅርታ» አልኩና የሱቁን ቅጽ ፊቷ አስቀመጥኩ። «ከመጨረስሽ በፊት ይህን አንብቢ። ከላይ ያለውን ስም፣ ከዚያ ታች ያለውን መልስ።»

አነበበች። ይህችም ትስቃለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀምጣ የአያ ኖህን እጅ ገለበጠች፤ የመዳፋቸው ጠርዝ ላይ ቆዳው ደድሯል፣ ሁለቱም እጅ ላይ እኩል ቦታ። «በቀን ምን ያህል ይነዳል?» አለች። የድሮውንና የአዲሱን አንገት ልዩነት በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋት። ጀምራ የነበረውን ቅጽ ቀደደችው። ሦስት ሳምንት ሰጠቻቸው፤ እስከዚያ ብሎኑን ትተው ፋብሪካው ውስጥ ካርቶን እያጠፉ እንዲቆዩ ጻፈች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሆነውን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ኦፌርን እስካሁን አልማርኩትም፤ ለምን እምራለሁ? ሰው እያየ የማያይ ሰው ነው። ግን እሱ ቢያንስ ጠይቋል። ለወራት ሳልጠይቅ ጓንት የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ አማርኛ የማውቀው፣ «ይመስገን» ማለት «አዎ» እንዳልሆነ ከእናቴ የተማርኩት እኔ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛን «ተመቸህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዓይን አስጨፍናለሁ፣ የሚያመውን ቦታ አስነግራለሁ፤ ሳይነግረኝ ከኮርቻው አይወርድም። እናንተም አባታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ አስተውሉ። እሳቸው አንድ ሰዓት አስበው «ይመስገን» ይላሉ፤ እናንተ ሥራ ረፍዶባችሁ «ደህና ነኝ ይላል» ብላችሁ ትተረጉማላችሁ። እኔም ለእናቴ ስንት ጊዜ እንደዚያ ተርጉሜያለሁ። ስንቱን በሽታዋን በሁለት ቃል ጠቅልዬ ጥዬዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሞላ። ሐኪሟ ትሪውን ዘረገፈች። አያ ኖህ አንድ በአንድ አነሱ። ስምንተኛው ላይ ትንሿ ጣታቸው ተንቀጠቀጠች። አነሱት። ዘጠኝ። አሥር። ሐኪሟ «በሥራው ይቀጥላል» ብላ ፈረመችና፣ እንደ ልማዷ ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ «ሌላ የሚያስቸግረው ነገር አለ?» አለች።

ተረጎምኩላቸው። ይመስገን ብለው የሚነሱ መስሎኝ እኔ ተነስቼ ነበር።

አያ ኖህ አልተነሱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለ እንጂ» አሉ። «የምቀመጥበት ወንበር ዝቅ ይላል፣ ጠረጴዛው ከፍ ይላል። መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ነው የሚገባው። ምሳ በልቼ እጄን ሳልታጠብ ያስነሱኛል። ደግሞ...»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ አዲስ ወረቀት ሳበች። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩና አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።